ስትወድቅ ማን ያነሳታል?

ኮልፌ 18 ማዞሪያ የሚኖር ሰው ሁለት ነገር ሳያስበው ይለምዳል። አንደኛው የቀለበት መንገዱን ጩኸት ትራስ አድርጎ መተኛት ነው። ሁለተኛው ዓመት በዓል ሲደርስ ቁልፍ መቀባበል ነው። ለአረፋ ስልጤው ጎረቤቴ አገር ቤት ሲሄድ የግቢውን ቁልፍ ለእኔ ይሰጠኛል። ለመስቀል እኔ ወደ ጉራጌ ስሄድ ቁልፌን ለእሱ እሰጠዋለሁ። የምንሄደውም የምንመለሰውም በአውቶቡስ ነበር። የበዓል ሰሞን አውቶቡስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ትኬቱ ይጠፋል፣ ዋጋው ያብጣል፣ ጉልበታችሁን ደረታችሁ ላይ አጥፋችሁ ከሰው ዶሮ ጋር እየተያያችሁ ትጓዛላችሁ።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት «በቃኝ» አልኩ። ከእንግዲህ አገሬ የምገባው በራሴ ሞተር ሳይክል ነው።

ለባለቤቴ የነገርኳት ምክንያት የአውቶቡሱን እንግልት ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን አንድ ፊልም ነው። ኢዋን ማክግሪገርና ቻርሊ ቡርማን የሚባሉ ሁለት ተዋንያን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ጫፍ ተነስተው በሞተር እስከ ኬፕታውን ወርደዋል። ሲወርዱ በእኛም አገር አልፈዋል። የነዷቸው ቢኤምደብሊው ሞተሮች ግዙፍ ናቸው፤ ግራና ቀኝ የብረት ሳጥን ተሸክመው፣ አቧራውን አስነስተው ሲመጡ ፈረሰኛ ይመስላሉ። ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ሳያቸው ራሴን እዚያ ላይ አየሁት። እንዲያውም ከእነሱ ይልቅ ለእኔ የሚያምርብኝ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን እቁብ ወጣልኝ። ብሩ ስም ነበረው። ስሙ «ጣራ» ይባላል። የመኝታ ቤታችን ቆርቆሮ ዝጎ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባለቤቴ ሳፋ ታስቀምጥ ነበር።

«ጣራውስ?» አለችኝ።

«ክረምቱ ሊያልቅ ምን ቀረው? ለመጪው ዓመት እናድሰዋለን» አልኳት።

ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ዜጋ ላይ ባለ 650 ሲሲ ሞተር ገዛሁ። ክብደቷ ከ200 ኪሎ ያልፋል። ስቀመጥባት የሁለቱም እግሮቼ ጣቶች ብቻ ናቸው መሬት የሚነኩት። የሰፈሩ ልጆች ከበቧት። እኔም «አትንኩ!» እያልኩ፣ እንዲነኩ ግን ጊዜ እየሰጠኋቸው ቆምኩ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጡረተኛ አሉ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየገጠሩ ክትባት ሲያደርሱ የኖሩ፣ ሞተር ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። መጥተው አንድ ጊዜ ዞሯት።

«ቆንጆ ናት» አሉ። «የት ልትሄድባት ነው?»

«አገር ቤት ነዋ። ለመስቀል።»

«ከአስፋልት ወጥተህ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ?»

«ሰባት ቢሆን ነው። እሱ ምንም አይደል።»

ዝም አሉ። ቀጥለው «ስትወድቅ ማን ያነሳታል?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ገና ከግቢ ሳልወጣ መውደቄን የሚያወራ ሰው ሟርተኛ መሰለኝ። «አልወድቅም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«መልካም» ብለው ሄዱ።

መስከረም 16 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በደመራው ዕለት፣ ማለዳ ተነሳሁ። ያ መስቀል ለእኛ ቤት እንደሌላው መስቀል አልነበረም። አባቴ ካረፈ የመጀመሪያው ነበር። በእኛ ግቢ ደመራውን ሲለኩስ የኖረው እሱ ነው። ከእሱ በኋላ የሚለኩሰው የበኩር ልጁ፣ እኔ ነኝ። እናቴ በስልክ ሦስት ጊዜ «ሳይመሽ ግባ» ብላኛለች።

ጦር ኃይሎችን፣ አየር ጤናን፣ አለም ገናን፣ ሰበታን አልፌ ስወጣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሜዳው አደይ ለብሷል። አስፋልቱ ላይ ሞተሯ እንደ ድመት ታንኮራፋለች። ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን ሳላውቀው አለፍኳቸው። ወልቂጤ ቡና ልጠጣ ቆምኩ። ሰው ከበበኝ። «ስንት ትሄዳለች?» «ስንት ገዛሃት?» «ቤንዚን አትጨርስም?» አንዱን ሳልመልስ ሌላው ይጠይቃል። ሦስት ማኪያቶ ጠጣሁ። የጣፈጠኝ ግን ማኪያቶው አልነበረም። ከተቀመጥኩበት ስነሳ ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል።

ከወልቂጤ ወደ እምድብር የሚወስደው መንገድ ለአባቴ የኩራቱ ምንጭ ነበር። በ1950ዎቹ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት የሚባል ማኅበር ተቋቁሞ፣ አዲስ አበባ ያለውም አገር ቤት ያለውም እያዋጣ መንገድ አውጥቷል። አባቴ በዚያ ባለፈ ቁጥር «የእኔም ሳንቲም አለችበት» ይል ነበር። እኔም እያሰብኩት፣ እንባ እየተናነቀኝ፣ እምድብርን አለፍኩና ከዋናው መንገድ ወደ መንደራችን ታጠፍኩ። ሰማዩ የተቀደደው ያኔ ነው።

የመስከረም ጭቃ ቀይ ነው፤ ያንሸራትታል። ጎማዎቹ ለአስፋልት የተሠሩ ስለነበሩ ጥርሳቸው በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ተሞልቶ ለሰለሰ። ተንቀጥቅጬም፣ ጸልዬም እስከ ጀፎረው ደረስኩ። ጀፎረ ለማታውቁት፣ በጉራጌ ቤቶች ፊት ለፊት የተዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው፤ ለቅሶውም ሠርጉም ጨዋታውም እዚያ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ እዚያ ነው የሮጥኩት። ከቤታችን አንድ ኪሎ ሜትር ላይ፣ እርጥቡ ሣር ላይ የፊት ጎማው ሸሸ። ሞተሯ በቀኝ እግሬ ላይ ተኛች።

እግሬን እንደ ምንም አወጣሁ። ቁርጭምጭሚቴ ግን ቀድሞ ሄዷል። ቤንዚን ይንጠባጠባል። ተነስቼ ላነሳት ሞከርኩ። እንኳን ልትነሳ አልተነቃነቀችም። ሁለት እረኞች መጡ፤ ሦስት ሆነን ገፋን፣ ያው ነው። በመካከሉ አንድ ወጣት በትንሽ ሞተር፣ ከኋላው ሚስቱን፣ በመሐል አንድ ጆንያ ጭኖ፣ ሁለት እግሩን እንደ ቅዘፋ ጭቃው ላይ እየጎተተ መጣ። ወርዶ አየኝ። ሞተሯን አየ።

«ወንድሜ፣ ይህችን በሬ እዚህ ድረስ ማን ላከህ?» አለኝ።

ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ተጠርተው፣ አጠና አስገብተው ሲያነሷት ጨልሟል። እኔን በቃሬዛ፣ ሞተሯን በግፊት ወሰዱን። ደመራውን የአጎቴ ልጅ ለኩሶታል። ሰው መጠበቅ ይችላል፣ እሳት ግን ሰዓት አለው። እናቴ እህል አልቀመሰችም። እግሬን አየችና «አባትህ በእግሩ ነበር የሚመጣው» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም።

አዲስ አበባ ተመልሼ እግሬ በጀሶ ታስሮ ስድስት ሳምንት ተኛሁ። የዘገየ ዝናብ ሲመጣ የሳፋውን ጠብታ እየቆጠርኩ ነው። አንድ ቀን ጋሼ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። «ብዬህ ነበር» አላሉም። ይህንን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳላቸውም። ይልቅ የራሳቸውን አጫወቱኝ።

«እኔ ሞተር የምመርጠው በበረዶ ነበር» አሉ። «ክትባቱን ሣጥን ውስጥ ከበረዶ ጋር አስረህ ትነሳለህ። በረዶው ከቀለጠ፣ ክትባቱን ሙቀት ካገኘው፣ የያዝከው ውኃ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ዛፍ ሥር ይጠብቁሃል። ታዲያ የምታደርስህ የምትፈጥነዋ አይደለችም፤ የማትቆመዋ ናት።»

ለረጅም ጊዜ የነዱት ያማሃ ኤጂ 100 ነበር። ለገበሬ ተብላ የተሠራች ሞተር ናት። ካቴናዋ ጭቃ እንዳይገባው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ከፊትም ከኋላም መጫኛ አላት። መሬቱ ዘመም ቢል በተመቸህ በኩል እንድታቆማት በሁለቱም ጎን መቆሚያ አላት። ክብደቷ 100 ኪሎ ገደማ ነው። «መልኳን ስታያት አታሳሳም» አሉኝ፤ «ግን ብቻዬን ሆኜ ያላነሳኋት ቀን የለም።»

ከዚያ ጠየቁኝ። «አንተ አነዳድህ እንዴት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ሞተሯ ሲሲ፣ ስለ ሰልባትዮዋ፣ ስለ ማርሚታዋ ድምፅ አንድ ሰዓት ማውራት እችላለሁ። ስለ ራሴ አነዳድ ግን አስቤ አላውቅም። ጋሼ እየጠየቁ አስቆጠሩኝ። ለካ እኔ ኩርባ የምፈራ ነኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ስቀመጥ ወገቤ ይይዘኛል። በየከተማው ቆሜ ቡና ካልጠጣሁ ጉዞ ጉዞ አይመስለኝም። ቁመቴ አጭር ነው። ለእናቴ ስኳሩንም ብርድ ልብሱንም ሳልጭን አልሄድም። ብቻዬን ነው የምሄደው። ይህን ሁሉ ደምረን ስናየው፣ እኔ የገዛሁት ሞተር ለሌላ ሰው የተሠራ ነው።

ጋሼ ትልቅ ሞተር አልነቀፉም። «ሚስቱን አፈናጦ ሐዋሳ የሚመላለስ ሰው ትንሽ ሞተር ቢገዛ ይሰቃያል» አሉ። «ጎኑ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ያንገላታዋል። ዳገቱንም አትችልለትም።» ያልጠበቅሁትንም ነገሩኝ። እኛ የምንኖርበት ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ባለ ካርቡራቶር ሞተር ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ በጣም ትንሽም መግዛት ልክ አይደለም። ልኩ የሚገኘው ከመንገድህ ክፉዋን ቦታ፣ ከጭነትህ ከባዱን ቀን ወስደህ ስትለካ ነው። «መቶ ሃምሳውን ኪሎ ሜትር አስፋልት ማንም ያሻግርሃል» አሉ፤ «ሞተር የሚመረጠው ለሰባቷ ነው።»

ሌላም ምክር ሰጡኝ። ከመግዛትህ በፊት ተቀመጥባትና ሁለቱም እግርህ መሬት መርገጡን እይ። ሻጩ ከፈቀደልህ መሬት ላይ አስተኛትና ብቻህን አንሳት። ፍሪሲዮኗ ቢቃጠል፣ ካንዴላዋ ቢሞት፣ ከመነዳሪዋ ቢፈነዳ ወልቂጤ ላይ የሚገኝ መሆኑን ቀድመህ ጠይቅ።

እነዚያን ሁለት ተዋንያን እንደገና ያየኋቸው በዚሁ የጀሶ ወራት ነው። ከአፍሪካው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ከለንደን ኒውዮርክ ድረስ በእስያ በኩል ዞረው ሄደው ነበር። ሞንጎሊያ ሲደርሱ መንገድ የሚባል ነገር ጠፋ። ግዙፎቹ ሞተሮች ረግረጉ ውስጥ እየወደቁ ሰዎቹን አደከሟቸው። የካሜራ ባለሙያቸው ሞተር ተበላሽታ በመኪና ተጭና ለጥገና ስትሄድ፣ እሱ እዚያው አገር ኢዝ ፕላኔታ የምትባል ቀይ የሩሲያ ሞተር ተገዛችለት። ቀላልና ተራ ሞተር ናት። እሷም መበላሸቷ አልቀረም። ግን ረግረጉን ከትልልቆቹ በተሻለ አለፈችው። የመጀመሪያውን ፊልም ቀድሜ አይቼ ቢሆን ኖሮ ጣራችን በጊዜ ይታደስ ነበር።

ትልቋን ሸጥኳት፤ ከስሬ። በተረፈው ጣራው ታደሰ፤ ባለቤቴ ሳፋውን ልብስ ማጠቢያ አደረገችው። ዓመት ቆይቼ ባለ 150 ሲሲ፣ ጥርሳም ጎማ ያላት፣ ያገለገለች ሞተር ገዛሁ። ስገዛት ሰፈሩ ውስጥ ማንም ከቤቱ ወጥቶ አላያትም። እንደሚያምም ልንገራችሁ።

ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ማሽከርከር ሲታገድ ደግሞ ሌላ ነገር ተገለጠልኝ። ሞተሬን ወልቂጤ ዘመድ ቤት አስቀመጥኳት። እስከዚያ በአውቶቡስ፣ ከሰው ዶሮ ጋር እየተያየሁ እሄዳለሁ። ከወልቂጤ በሞተሬ እቀጥላለሁ። ለአስፋልቱ አውቶቡስ አለ። አውቶቡስ የማይገባባት ያችን ሰባት ኪሎ ሜትር ግን እኔው ነኝ የምነዳት። ጀፎረው ላይ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ወድቄያለሁ። ሁለቴም ብቻዬን አንስቻታለሁ። ሁለቴም ችቦውን የለኮስኩት እኔ ነኝ።

በቅርቡ 18 ማዞሪያ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ፣ አንድ የሰፈራችን ወጣት ስልኩን አውጥቶ ሊገዛ ያሰባትን ሞተር በፎቶ አሳየኝ። ኤሌክትሪክ ናት፣ ታብረቀርቃለች። አገር ለአገር ሊዞርባት ነው። ቆንጆ መሆኗን ነገርኩት፤ እውነትም ቆንጆ ናት። ከዚያ የት እንደሚሄድባት፣ ባትሪዋ ሲያልቅ ምን ከተማ ላይ እንደሚሞላት ጠየቅሁት። ቀጥዬም «ስትወድቅ ማን ያነሳታል?» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ስልኩን ኪሱ ከተተና «አልወድቅም፣ ጋሼ» አለኝ።

«መልካም» አልኩት። ጋሼ የተባልኩት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።