በልምጭና በሕሊና መካከል

ዕጩ መምህር ለልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከዚህ ይዞት የሚወጣው ነገር አለ፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ የሚሰጡት ነገር አለ። ይዞት የሚወጣው የትምህርት ዕቅድና የሥነ ትምህርት ደብተር ነው። የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ልምጭ ነው። ሁለቱን በአንድ እጅ እንዴት እንደሚይዛቸው የሚነግረው ግን የለም። በዛሬው ጽሑፌ ላነሣው የፈለግሁትም ይኸንኑ ነው።

ልጅ በድብደባ እንደማይማር አምናለሁ። ይኸ እምነቴ ከደብተር የተቀዳ ብቻ አይደለም፤ በልጅነቴ ዱላ ስለምፈራ የማውቀውን መልስ እንኳ እየዋጥሁ ያሳለፍሁት ጊዜ አለ። ሕጉም ይኸንኑ ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ሕጉ እንዲህ ይበል እንጂ የተመደብሁበት ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቆየንና፣ የጠበቀብኝ ሌላ ነበር። አማካሪ መምህሬ በመጀመሪያው ቀን ልምጩን ከመስኮቱ ላይ አንሥተው፣ «እንካ ልጄ፣ ያለዚህ አይሰሙህም» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ደብተር ላጣ ልጅ ከኪሳቸው ገዝተው ሲሰጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ከሰባ በላይ ልጅ በአንድ ክፍል አጭቀው ማስተማር ዕጣቸው ሆኗል። ወላጁም ቢሆን ከሳቸው ጋር ነው። አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ልጃቸውን እየጎተቱ መጥተው፣ «መምር፣ ዓይኑን ብቻ እንዳይነኩብኝ እንጂ ሌላው የርስዎ ነው» ብለውኛል። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው አንቱ ብለው ልጃቸውን ሲያስረክቡ፣ ያውም በሙሉ እምነት፣ «የለም፣ እኔ አልመታም» ብሎ መመለስ ቀላል አይደለም።

ልምጩን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት፤ አላነሣሁትም። በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሉ ገበያ መሰለ። አማካሪዬም በመገምገሚያው ቅጽ «ክፍል አያያዝ» በሚለው ረድፍ ዝቅተኛ ነጥብ ሞሉልኝ።

እዚህ ላይ ከሥነ ልቡና ትምህርታችን አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው በሚያምነውና በሚሠራው መካከል ቅራኔ ሲገጥመው ዕረፍት እንደሚያጣ፣ ዕረፍት ለማግኘትም አንዱን ወደ ሌላው እንደሚያስጠጋ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ከጄምስ ካርልስሚዝ ጋር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ሙከራ ታተመ። ተማሪዎች አንድ ሰዓት ያህል እጅግ አሰልቺ ሥራ ከሠሩ በኋላ ለሚቀጥለው ሰው «ሥራው ደስ ይላል» ብለው እንዲነግሩ ተደረገ። ለዚህም ከፊሎቹ 1 ዶላር፣ ከፊሎቹ 20 ዶላር ተቀበሉ። በመጨረሻ የልባቸውን ሲጠየቁ፣ ሥራውን የወደዱት ይበልጡን 1 ዶላር የተቀበሉት ሆነው ተገኙ። 20 ዶላር የተቀበለው «ለገንዘቡ ስል ነው» ይላል፤ 1 ዶላር የተቀበለው ግን በቂ ምክንያት ስለሌለው እምነቱን ራሱን ይለውጣል።

እስቲ ይኸን ወደ እኛ እናምጣው። እኛን ልምጭ እንድናነሣ የሚገፋን ትንሽ ነገር ነው። የአማካሪ ፊት መጥቆር፣ የአንድ ሁለት ነጥብ መቀነስ፣ የባልደረባ ሣቅ። አስፈሪነቱም ትንሽ በመሆኑ ነው። በትንሽ ነገር ተገፍቶ የመታ ሰው «ተገድጄ ነው» ለማለት አፉን ሞልቶ አይችልም። ስለዚህ ውሎ አድሮ «የገጠር ልጅ ያለ ዱላ አይገባውም» ማለት ይጀምራል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ! አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ አማካሪዬ፣ «እኔም እንዳንተ ነበርሁ» ብለውኝ ዝም አሉ። ከሰጡኝ ነጥብ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኸ ቃላቸው ነው።

«የጎጃምን ሊቃውንት ያፈራው አለንጋ ነው» የሚሉም አሉ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት መማራቸውን ያነሣሉ። በፊደል ቤት አለንጋ መኖሩ እርግጥ ነው። ቅኔ ግን በአለንጋ አይቈጠርም። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቈጥራል፤ የቈጠረውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርሙለታል። ያወቀው ደግሞ ያላወቀውን ያስጠናል። ከአባቶቻችን የምንወርስ ከሆነ ለምን ይኸን አንወርስም?

በበኩሌ ይኸንኑ ሞከርሁ። ፈጠን ያሉትን ልጆች በየዴስኩ አከፋፍዬ ጓደኞቻቸውን እንዲያስጠኑ አደረግሁ። ስማቸውን አጠናሁ። ክፍሉ ሲንጫጫ ድምፄን ከፍ ከማድረግ ዝቅ ማድረግ ጀመርሁ። ጫጫታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ የሰባ ልጅ ክፍል መቼም ዝም አይልም። አማካሪዬም ነጥቡን አላሻሻሉልኝም። ብቻ አንድ ቀን ሲወጡ፣ «ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ዛሬ እጁን አወጣ እኮ» አሉኝ።

እንግዲህ ለአስተማሪዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። በቅጹ ላይ «ክፍል አያያዝ» የሚለው የሚለካው የክፍሉን ጸጥታ ነው ወይስ የልጆቹን መማር? ጸጥታውን ከሆነ፣ ልምጩ ከሁላችንም የተሻለ መምህር ነውና እኛን ማሠልጠኑ ለምን አስፈለገ? ለዕጩ መምህራን ጓደኞቼ ደግሞ የምለው ይኸ ነው፤ በምታምኑትና በሚጠበቅባችሁ መካከል ስትቆሙ የሚሰማችሁን ያን የሆድ መረበሽ ቶሎ ለማብረድ አትቸኩሉ። እሱ እስካለ ድረስ እምነታችሁ በቦታው አለ ማለት ነው። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ መልሳችሁን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ብታሰፍሩ ሁላችንም እንማርበታለን።