ሕዋስ መግደልና ካንሰር ማከም፦ በአንድ ቡናማ አልጌ ላይ ከተሠራ ሙከራ የተወሰደ ትዝብት

በባሕር አልጌዎች ላይ የሚታተሙ ጽሑፎችን የሚያገላብጥ አንባቢ «ፀረ ካንሰር» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ያገኘዋል። ከቃሉ በስተጀርባ ያለው ማስረጃ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ በፕላስቲክ ፕሌት ላይ የተራቡ ሕዋሳት ከአልጌ በወጣ ጭማቂ ሞተዋል። በደቡብ ኮሪያ፣ በቡሳን ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሠራሁት ጥናት በአመዛኙ እነዚህ ሕዋሳት በምን ምክንያት እንደሞቱ መጠየቅ ሆነ።

የሠራሁበት አልጌ ኮሪያውያን «ጋምቴ» የሚሉት ኤክሎኒያ ካቫ ነው። በጄጁ ደሴት ዙሪያ ከውኃ በታች ባለ ዓለት ላይ ይበቅላል፤ ፍሎሮታኒን በተባሉ ፖሊፌኖሎችም የበለጸገ ነው። ደርቆ ከተፈጨ በኋላ በኤታኖል ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፤ አልኮሉ ሲተን ጠቆር ያለ ቡናማ ቅሪት ይቀራል። ይህ ቅሪት በዲኤምኤስኦ ሟሙቶ ለሕዋሳቱ ይሰጣል።

ሕዋሳቱ ኤምሲኤፍ-7 ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 በሚቺጋን፣ የጡት ካንሰር ከነበረባቸው አንዲት መነኩሲት የሳንባ ሽፋን ከተቀዳ ፈሳሽ የተገኙ ናቸው። መነኩሲቷ ካረፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ሕዋሳቱ ግን በዓለም ዙሪያ በየላቦራቶሪው ዛሬም ይባዛሉ። ኢንኩቤተሩን በከፈትሁ ቁጥር ይህን ሳላስብ አላልፍም ነበር።

ሞትና ሕይወትን ለመለየት በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ሞስማን እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው የኤምቲቲ ፈተና ነው። ሕያው ሕዋስ ቢጫውን ኤምቲቲ ወደ ሐምራዊ ፎርማዛን ይለውጠዋል፤ ሐምራዊነቱ በደመቀ መጠን በሕይወት ያሉት ሕዋሳት በዝተዋል ማለት ነው። ችግሩ ፍሎሮታኒኖች ራሳቸው ኤሌክትሮን ለጋሾች መሆናቸው ነው። ለማነጻጸሪያ ብለን ሕዋስ ያልጨመርንባቸው፣ ጭማቂና ኤምቲቲ ብቻ ያለባቸው ጉድጓዶችም ሐምራዊ ሆኑ። እንዲህ ያለ ጭማቂ ሕዋሳቱን ፈጅቶ ሳለ ፈተናው «በሕይወት አሉ» ሊል ይችላል። ስለዚህ የሕዋሳትን ፕሮቲን ወደሚያቀልመው ወደ ሰልፎሮዳሚን ቢ ዘዴ ዞርን፤ በማይክሮስኮፕ ቆጠራም አመሳከርን።

የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ። ፖሊፌኖሎች በማራቢያው ፈሳሽ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ተዋህደው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጥራሉ፤ ያን ጊዜ ሕዋሱን የገደለው አልጌው ነው ወይስ በፕሌቱ ላይ የተፈጠረው መርዝ? ካታሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ጨምሮ መፈተን ይህን ይለያል። በውኃ በሚወጣ ጭማቂ ደግሞ ጨው ብቻውን ሕዋስ ሊገድል ይችላል። በእኔ አስተያየት እነዚህ ማነጻጸሪያዎች ከግኝቱ ሠንጠረዥ ቀድመው መታየት የሚገባቸው ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጨርሶ አይጠቀሱም።

በዚሁ ጊዜ አገር ቤት ያሉት አክስቴ የጡት ካንሰር ታካሚ ነበሩ። በስልክ፣ «ልጄ፣ ከዚያ ቅጠል ትንሽ ብትልክልኝስ?» አሉኝ። ጋምቴ በኮሪያ በተጨማሪ ምግብነት ስለሚሸጥ መላኩ ቀላል ነበር። የእርሳቸው ዕጢም እንደ ኤምሲኤፍ-7 ሁሉ ለኤስትሮጅን ምላሽ የሚሰጥ ዓይነት ነበር። ይሁን እንጂ ከካንሰሩ ጋር ጎን ለጎን የፈተንናቸው ኤምሲኤፍ-10ኤ የተባሉ ካንሰር ያልሆኑ የጡት ሕዋሳት በተቀራራቢ መጠን ተጎድተው ነበር። ቡናማ አልጌ ብዙ አዮዲን ሊይዝና የእንቅርት ዕጢን ሥራ ሊያውክ እንደሚችልም አውቃለሁ። «አክስቴ፣ እኛ የምናየው በሳሕን ላይ ነው፤ ሐኪምዎ ያዘዙልዎትን ታሞክሲፌን አያቋርጡ» አልኋቸው። ቅር እንዳላቸው ከድምፃቸው ተረዳሁ። አልላክሁም።

ከባሕር መድኃኒት አይገኝም ማለቴ አይደለም። ዶላስታቲን 10 የተባለው ውሑድ ከባሕር ቀንድ አውጣ ተለይቶ መዋቅሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነበር፤ ኋላም እንስሳው ከሚመገበው ሳያኖባክቴሪያ የሚመነጭ መሆኑ ታወቀ። በሰው ሲሞከር ራሱን ችሎ መድኃኒት ሊሆን አልቻለም። ተቀራራቢው ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣምሮ፣ ብሬንቱክሲማብ ቬዶቲን ተብሎ ለሆጅኪን ሊምፎማ በአሜሪካ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

በመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ላይ «ፀረ ካንሰር» የሚል ቃል የለም፤ «በኤምሲኤፍ-7 ሕዋሳት እድገት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላል። ከጭማቂው የተለዩት ክፍልፋዮች በማቀዝቀዣ ውስጥ ናቸው። ዲየኮል የበዛበት ክፍልፋይ በካታሌዝ ገና አልተፈተነም።