ጎራዴ የተሸከሙ ድንጋዮች

ጢያ ላይ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ትክል ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸው ጎራዴ ነው። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ጠርዙ ጥላ ይይዝና ከድንጋዩ ላይ ብድግ ይላል፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ ብዙ ሆኖ ተደርድሮ። እኩለ ቀን ላይ የደረሰ ጎብኚ ይህን አያገኝም። ብርሃኑ ከአናት ሲወርድ ቅርጹ ይደበዝዝና ግራጫ ድንጋይ ይቀራል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በጠዋት መነሳት ነው፤ መንገዱ እንደሆን ከ90 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። አለም ገና ላይ ከጅማው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ቡታጅራ የሚወርደው አስፋልት ነው፤ በመስቀል ሰሞን ወደ አገሩ በሚገባው ጉራጌ የሚጨናነቀው።

ትክል ድንጋዮቹ 36 ሲሆኑ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ከጎራዴው ሌላ ክብ ክብ ምልክት አለ፤ ቅርንጫፍ የሚመስልም አለ። እንሰት ነው የሚሉ አሉ። የአካባቢው ጓሮ ሁሉ እንሰት በመሆኑ እኔም ወደዚያው አደላለሁ፤ ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ግን የለኝም።

ሥሩ መቃብር ነው። በቁፋሮ የወጡት አጽሞች በአብዛኛው የወጣቶች ናቸው፤ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ታጥፎ ነው የተቀበሩት። አንድ ጎራዴ አንድ የተገደለ ጠላት ነው የሚል ትርጓሜም አለ። ይህን ከሰማሁ በኋላ በየድንጋዩ እየቆምኩ መቁጠር ጀመርኩ፤ ስንቱን ገድሎ ስንት ዓመቱ ላይ ሞተ እያልኩ። ያገሬው ሰው "የግራኝ ድንጋይ" ይላቸዋል። ተመራማሪዎች በ12ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የቆሙ ናቸው ብለው ይገምታሉ፤ ግራኝ አህመድ የተነሳው ደግሞ በ16ኛው ነው። በአገራችን ግን ትልቅ ሆኖ ባለቤቱ የጠፋ ነገር ሁሉ ለግራኝ መሰጠቱ የተለመደ ነው።

ዩኔስኮ ጢያን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ጎብኚው የማያውቀው ጢያ በምትገኝበት በሶዶ ምድር 160 ያህል የአርኪዮሎጂ ስፍራዎች መገኘታቸውን ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን የጢያ አጥር ውስጥ ፎቶ ተነስቶ መመለስን ለማንም አልመክርም።

ስትመለሱ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ፤ እዚህ ደግሞ ዘመኑ ራስ ያዞራል። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ የኔዘርላንድ የውኃ ባለሙያ ቦታውን አገኘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮ ጀመረ። ቁፋሮው ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ ዓመት በላይ የሆናቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች አውጥቷል። ልቤን የወሰደው ግን ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ የተገኘው ዱካ ነው። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት፣ ጉማሬ ከተበለተበት አጠገብ፣ ጭቃ ላይ የሕፃናት እግር ታትሟል። አዋቂዎቹ ሥጋ ሲቆርጡ ልጆቹ እዚያው ይርመሰመሱ ነበር ማለት ነው። የኛ ቤት የበዓል ዋዜማ ከዚህ በምን ይለያል?

ሌላው ባልጩቱ ነው። ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ፣ ስለቱ ጣት የሚቆርጥ። የጥንቱ ሰው ያመጣው ከዚያው ቅርብ፣ ባልጭት ከተባለው ስፍራ ነው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በባልጩት መፋቂያ ይሠሩ እንደነበር ሳስብ፣ መልካ ቁንጡሬ ሙዚየም ውስጥ የተደረደረው ድንጋይ የሩቅ ዘመን ዕቃ መሆኑ ይጠፋኛል።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ አዳዲ ማርያም አለች፤ መሬት ውስጥ ከአንድ አለት የተፈለፈለች፣ በአፈ ታሪክ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር የምትያያዝ፣ ዛሬም የሚቀደስባት። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ በክረምት በትንሽ መኪና አትሞክሩት። ጥቅምት ነው ጊዜው። ምሳውን ደግሞ ቡኢ ከተማ ላይ፣ ክትፎ ከነቆጮው፤ ጥሬውን እንጂ ለብለብ እንዳትሉ።