መዘግየትና መጠበቅ

ሕመሙ ዘወትር የሚታይ በሽተኛ ለሐኪም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቤቱ ሲያቃስት አድሮ ከመርማሪው ፊት ሲቀርብ ደህና የሚሆነው ነው። የኮምፒውተር ብልሽትም እንዲሁ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በጠሩት ቁጥር የሚመጣ ነው፤ ትንሽ ጊዜ ከሰጡት ይያዛል። ሁለተኛው በፈለገው ሰዓት ብቅ ብሎ፣ ዓይን ሲያርፍበት የሚሰወር ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ሁለተኛውን ዓይነት «ሃይዘንበግ» ብሎ ጠርቶታል። ስሙ የፊዚክስ ሊቁን ሃይዘንበርግን የሚያስታውስ ቃል ነው፤ መመልከት ራሱ የሚታየውን ነገር ይለውጠዋል ከሚለው ሐሳብ ጋር የተያያዘ።

እኔም ባለፈው ዓመት ከእንዲህ ያለ ብልሽት ጋር ሁለት ወር ያህል ድብብቆሽ ስጫወት ከረምኩ።

በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ግራፍ አዘጋጃለሁ። ግራፉ በየመስኮቱ አንድን ደንበኛ ለማስተናገድ የፈጀውን አማካይ ደቂቃ ያሳያል። የደንበኛ ስምም ሆነ ሒሳብ የሌለበት፣ ተራ ቁጥር ነው። የምስለው በራሴ አሮጌ ላፕቶፕ፣ በሊኑክስ ላይ፣ ግኑፕሎት በሚባል ፕሮግራም ነው። ግኑፕሎትን ቶማስ ዊሊያምስና ኮሊን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1986 ጀመሩት፤ በ1991 ከተወለደው ከሊኑክስ በአምስት ዓመት ይበልጣልና በዚህ ዓለም ሽማግሌ ሊባል ይችላል። የሚያማምሩ የሚጫኑ ምልክቶች የሉትም። የሚፈልጉትን በጽሑፍ ያዝዙታል፤ እሱም ይስላል። ትእዛዙን አንድ ጊዜ ጽፎ ላስቀመጠ ሰው በየሳምንቱ አዲሱን ቁጥር ማቀበል ብቻ ይበቃዋል።

ይህ ሽማግሌ ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያስረክበኛል። አንዳንድ ቀን ግን ትእዛዙን ተቀብሎ ዝም ይላል። አምስት ሴኮንድ፣ ስምንት ሴኮንድ፣ አሥር ሴኮንድ። አለቀለት ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ሥዕሉ ዱብ ይላል። ምን ነክቶት ነው ብዬ እንደገና ሳዘው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በቅጽበት ይጨርሳል። አሥር ሴኮንድ ዕድሜ አያሳጥርም። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ያልታወቀ ዝምታ ሰውን እረፍት ይነሣል፤ ዛሬ አሥር ሴኮንድ ዝም ያለ ነገ ጨርሶ ዝም እንዳይል ማን ዋስ ይሆናል?

ምክር አልጠፋም። አንዱ ወዳጄ «ማሽኑ አርጅቷል፤ አዲስ ግዛ» አለኝ። የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ከስንት ወር ደመወዝ ጋር እንደሚስተካከል ለሚያውቅ ሰው ይህ ከምክር ይልቅ ፍርድ ይመስላል። ሌላው «ሙቀት ነው» አለ፤ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እንደሚቀንስ እውነት ነውና። ሦስተኛው «ሜሞሪው ሞልቶ ወደ ዲስክ እየተገለበጠ ነው» አለ፤ ይህም የሚደርስ ነገር ነው። ሦስቱም ግምቶች የሚያስኬዱ ናቸው። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማሽኑን የጠየቀው ሰው አልነበረም። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። እኔም ወደ ሥሩ ለመውረድ ቆረጥኩ።

በሊኑክስ ላይ «ታይም» የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች። ከአንድ ፕሮግራም ስም በፊት ብትጽፏት፣ ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ ሦስት ቁጥሮች ትነግራችኋለች። የመጀመሪያው በግድግዳ ሰዓት የተቆጠረው ጊዜ ነው፤ ትእዛዙ ከተሰጠበት እስከ ተጠናቀቀበት ያለው። ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ የፕሮግራሙን የራሱን ሥራ የሠራበት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ስለዚያ ፕሮግራም ሲል የደከመበት ጊዜ ነው። ግኑፕሎት በፈጠነ ጊዜ የግድግዳው ሰዓት 0.6 ሴኮንድ፣ የሁለቱ የሥራ ጊዜዎች ድምር 0.5 ሴኮንድ ነበር። በዘገየ ጊዜ የግድግዳው ሰዓት 9.8 ሆነ። የሥራው ድምር ግን ያው 0.5 ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ጥፋቱ የሙቀት ቢሆን ኖሮ የሥራው ጊዜ ራሱ በረዘመ ነበር። የእርጅና ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ በዘገየ ነበር። የሜሞሪ መሙላት እንዳይሆን «ቪኤምስታት» የተባለውን መሣሪያ ከፍቼ ተመለከትኩ፤ ወደ ዲስክ የሚወጣውንና ከዲስክ የሚመለሰውን ሜሞሪ የሚያሳዩት ዓምዶች ዜሮ ነበሩ። እንግዲህ በእነዚያ ዘጠኝ ሴኮንዶች ውስጥ ግኑፕሎት ምንም አልሠራም ማለት ነው። ይጠብቅ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጥያቄዬ ተለወጠ፤ «ለምን ይዘገያል?» የሚለውን ትቼ «ምንን ይጠብቃል?» ማለት ጀመርኩ።

ግጥም ለሚሞክር ሰው ይህ ልዩነት እንግዳ አይደለም። አንዲት ስንኝ ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ እንቀመጣለን፤ ብዕሩ ከወረቀቱ ጋር የተገናኘበት ጊዜ ቢሰላ ግን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሊኑክስ ራሱ ሥራንና ጥበቃን በአንድ ቁጥር የሚያቀላቅልበት ቦታ አለው። የሥርዓቱ ጫና ተብሎ በሚታየው ቁጥር ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ፣ በሥራ ላይ ካሉት ፕሮግራሞች ሌላ ከዲስክ መልስ እየጠበቁ ያሉትም ይቆጠራሉ። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ሳለ ጫናው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ያን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ማሽኑ በሥራ ብዛት የታፈነ ይመስለዋል።

ቀጥዬ ማስታወሻ ያዝኩ። ግራፍ በሣልኩ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሦስቱን ቁጥሮች፣ በዚያን ጊዜ ሌላ ምን ተከፍቶ እንደነበር መዘገብኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ መልክ ብቅ አለ። መዘግየቱ የሚመጣው ላፕቶፑ ለተወሰነ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ ነበር፤ ሆኖም ሁልጊዜ አይደለም። ለብዙ ሰዓት ቆይቶ የፈጠነበትም ቀን ነበር። ይህ «ሁልጊዜ አይደለም» የሚለው ነገር ነው መርማሪን የሚያደክመው፤ አንድ ምክንያት አገኘሁ ሲል ማስታወሻው ራሱ ያፈርስበታል።

ስለዚህ ምስክር አቆምኩ። «ኤስትሬስ» የተባለው መሣሪያ ፖል ክራነንበርግ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰንኦኤስ ለሚባል ሥርዓት የጻፈው፣ በኋላም ወደ ሊኑክስ የተሻገረ ነው። ሥራው አንድ ፕሮግራም ለከርነል የሚያቀርበውን ጥያቄ ሁሉ መመዝገብ ነው፦ ይህን ፋይል ክፈትልኝ፣ ያንን አንብብልኝ፣ ይህ ማኅደር መቼ እንደተለወጠ ንገረኝ። እያንዳንዱ መልስ የፈጀውን ጊዜም እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል። ምስክሩ ራሱ ሥራውን በጥቂቱ ያጓትታል፤ ዘጠኝ ሴኮንድ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ምንም አይደለም። ግኑፕሎት በተነሣ ቁጥር ኤስትሬስ አብሮት እንዲነሣ አደረግኩና ጠበቅኩ። በስድስተኛው ቀን መዘግየቱ መጣ። በሺህ ከሚቆጠሩት መስመሮች ውስጥ ከአንዷ በቀር ሁሉም ከሴኮንድ እጅግ ባነሰ ክፍልፋይ የተመለሱ ነበሩ። ያቺ አንዷ ብቻዋን ዘጠኝ ሴኮንድ ፈጅታለች። የጠየቀችውም ስለ አንድ የፎንት ማኅደር ነበር።

የግራፌ ርእስ በአማርኛ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ ኮምፒውተሮች ያውቁታል፤ ሆኖም ፊደሉን ለመሣል ቅርጹን የያዘ ፎንት መገኘት አለበት። በሊኑክስ ላይ ይህን ፍለጋ የሚያካሂደው «ፎንትኮንፊግ» የተባለው ክፍል ነው። ያሉትን ፎንቶች ዝርዝር አስቀድሞ መዝግቦ ይይዛል፤ መዝገቡ አለመሻገቱን ለማረጋገጥ ግን ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር የፎንት ማኅደሮቹ የተለወጡበትን ቀን ይጠይቃል። ላፕቶፑን ከእኔ በፊት የተገለገለበት ወዳጅ፣ የውስጡ ዲስክ ሲጠብበው፣ ፎንቶቹን ከውጭ ወደሚሰካ ሃርድ ዲስክ አዛውሮ በቦታቸው አቅጣጫ ጠቋሚ ብቻ ትቶ ነበር። ያ ዲስክ ለጥቂት ደቂቃ ካልተነካ መሽከርከሩን አቁሞ ይተኛል። ለመንቃት ሴኮንዶች ይፈልጋል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አልዘገየም? ምክንያቱም ሊኑክስ አንድ ጊዜ ከዲስክ ያነበበውን በሜሞሪ ያስታውሳል። ዲስኩ ቢተኛም ከርነሉ መልሱን ካስታወሰ የተኛውን መቀስቀስ አያስፈልገውም። ብሮውዘር ከፍቼ ብዙ ገጽ ሳገላብጥ ግን ሜሞሪው ለሌላ ይፈለግና ያ ትውስታ ይጣላል። መዘግየቱ የሚወለደው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነበር፦ ዲስኩ ሲተኛና ከርነሉ ሲረሳ። እንደገና ሳዘው የሚፈጥነውም በመጀመሪያው ሙከራ ዲስኩ ስለነቃ፣ ትውስታውም ስለታደሰ ነው። መመልከቴ ራሱ በሽታውን ይፈውሰው ነበር ማለት ነው።

መልሱ ቢጥመኝም በዚህ ብቻ አላመንኩትም። ዲስኩን በትእዛዝ አስተኛሁና ሞከርኩ፤ ፈጠነ። ዲስኩ ነቅቶ ሳለ ከርነሉ ትውስታውን እንዲጥል አደረግኩ፤ በመጠኑ ብቻ ዘገየ። ሁለቱን በአንድ ላይ አደረግኩ፤ ዘጠኝ ሴኮንድ። ደጋገምኩት፤ በጠራሁት ቁጥር መጣ። ያ ሲሰወር የከረመ ሁሉ አሁን በስሙ ሲጠሩት አቤት የሚል ሆነ። ፎንቶቹን ወደ ውስጡ ዲስክ መለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ማስታወሻዬ ላይ ከሴኮንድ ያለፈ ቁጥር አልተጻፈም። አዲስ ላፕቶፕም አልገዛሁም።

ነገሩ እዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ያ በየሳምንቱ የምስለው ግራፍ ራሱ ስለ መዘግየት የሚናገር ነበር። ከቅርንጫፉ መስኮቶች መካከል የሦስተኛው ዓምድ ዘወትር ከሁሉ ይረዝማል። በዚያ መስኮት የምትሠራው ወጣት ባልደረባችን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይም «ቅልጥፍና ይጎድላታል» ተብሎ ተጽፏል። እንድስል የታዘዝኩት ቁጥር ትክክል ነበር፤ ግን የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ፣ «እህቴ፣ ደንበኛ ከፊትሽ ቆሞ ሳለ የምትጠብቂው ምንድን ነው?» አልኳት።

ቆም ብላ አየችኝ። «እስከ ዛሬ ለምን ትዘገያለሽ ያለኝ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ ያለኝ ሰው የለም» አለች።

ከዚያ ነገረችኝ። ከፍ ያለ ገንዘብ የሚወጣው በእሷ መስኮት ነው። እንዲህ ያለው ክፍያ የሁለተኛ ኃላፊ ማጽደቅ ይፈልጋል። ኃላፊው የሚቀመጠው ፎቅ ላይ ነው፤ ስብሰባ ላይ ከሆነ እሷ እጇን አጣጥፋ፣ ደንበኛው ደግሞ እሷን እያየ ይቆማሉ። ሁለት ሳምንት አብረን መዘገብን፦ ደንበኛው የተጠራበት ሰዓት፣ ወረቀቱ ወደ ላይ የሄደበት፣ ጸድቆ የተመለሰበት። አዲሱን ግራፍ በሁለት ቀለም ሣልኩት፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለጥበቃ። የሦስተኛው መስኮት የሥራ ቀለም ከጎረቤቶቹ አይበልጥም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ተቀብለው፣ የትኛው ቀለም የትኛው እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። በቀጣዩ ወር የአጽዳቂው ጠረጴዛ ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ ዓምዱም አጠረ።

ላፕቶፕ አርጅቷል ቢሉት አይከፋውም፤ ዲስኩን ሲያስተካክሉለት ሁሉም ነገር ይረሳል። ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ያቺ ስለ ቅልጥፍና የተጻፈች ዓረፍተ ነገር ከፋይሏ አልወጣችም፤ ለደረጃ ዕድገት በተወዳደረች ቁጥር ትነበባለች። ዓረፍተ ነገሩ እንዲታረም ማመልከቻ ጽፋለች፤ ባለሁለት ቀለሙን ግራፍም አባሪ አድርጋለች። ማመልከቻው ወደ ላይ ከሄደ አራት ወር ሆነው። እየጠበቀች ነው።