የተመለሰው ፒዛ

የእኛ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ሲጣላ ካያችሁ ጠቡ በሒሳብ ነው። እሱም ቢሆን «በዛብኝ» ብሎ ሳይሆን፣ «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ እኔ ልክፈል» እየተባባለ የአስተናጋጇን እጅ ወዲያና ወዲህ ሲጎትት ነው። በምግቡ ሲጣላ ግን እምብዛም አይታይም። ወጡ ጨው ቢበዛበት ውሃ ይጠጣበታል፤ ሥጋው አልታኘክ ቢለው በሶፍት ጠቅልሎ ከሳህኑ ጥግ ያኖረዋል። ሲወጣ ባለቤቱ ከባንኮኒው ኋላ ቀና ብሎ «እንዴት ነበር?» ቢለው፣ «ቆንጆ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎት ይሄዳል። ልብ በሉ፤ እግዜር ይስጥልኝ የሚለው ገንዘቡን ቆጥሮ ለተቀበለው ሰው ነው። እውነቱን የሚናገረው ውጭ ወጥቶ፣ ያውም ለጓደኛው ነው።

ነገሩ ከቤታችን የመጣ ነው። ሰው ቤት ገበታ ቀርቦ «ጨው አነሰው» ማለት ነውር ነው። እንግዳ የቀረበለትን ያመሰግናል፣ «ጠገብኩ» ይላል፣ «አፈር ስሆን» ይባላል፣ እንደገና ይቆርሳል። በገንዘብ ገዝቶ ከሰው ፊት መብላት ደግሞ ለእኛ ያን ያህል የቆየ ልማድ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲያቋቁሙ፣ ሰው ከፍሎ መብላቱን አፍሮ አልመጣ ቢል፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተው ከፈሉ ይባላል። መክፈሉን ከዚያ ወዲህ በሚገባ ተምረነዋል። ንጉሡ በዚያን ቀን ወጡን ስለ መመለሳቸው ግን የተወራ ነገር የለምና ያን ትምህርት ሳናገኝ ቀረን።

በፒዛ ጊዜ ነገሩ ይብሳል። ወጥ ቢሆን እያንዳንዳችን የእናታችንን ወጥ በምላሳችን ይዘን ነው የምንገባው፤ ባንናገር እንኳ ጉድለቱን እናውቃለን። ፒዛን ግን ከቤቱ የተማረው የለም። የማንም እናት አልጋገረችውም። ስለዚህ የቀረበልን ሁሉ «ፒዛ እንዲህ ነው መሰለኝ» ተብሎ ይዋጣል። ማርገሪታ የሚባለው ፒዛ ስሙን ያገኘው የጣሊያኑ ንጉሥ የኡምቤርቶ ሚስት ንግሥት ማርገሪታ ናፖሊ በሄደች ጊዜ፣ ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ የሚባል ጋጋሪ ስለ ጋገረላት ነው ተብሎ ይተረካል። ታሪክ አዋቂዎች ቢጠራጠሩትም፣ ጊዜው ሰኔ 1881 ዓ.ም. ነው ይላሉ። እኔን የሚገርመኝ ቀኑ ነው። አፄ ምኒልክ ከዚያው ከኡምቤርቶ መንግሥት ጋር የውጫሌን ውል የተፈራረሙት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ አንዱ በፒዛ፣ ሌላው በአንቀጽ 17 ሆነ። አንቀጹን ዐድዋ ላይ መለስነው። ፓስታው፣ ማኪያቶው፣ ሳልሳውና ፉርኖው ግን ከ1928ቱ ወረራ ጋር ገብተው ጣሊያን በ1933 ሲወጣ እዚሁ ቀሩ። ፉርኖ በጣሊያንኛ ምድጃው ነው፤ እኛ ዳቦውን ፉርኖ አልነው። በ2010 ዓ.ም. ዩኔስኮ የናፖሊን ጋጋሪዎች ጥበብ በቅርስነት መዘገበ፤ በዚያው ዓመት ፒዛ ሃት አዲስ አበባ ላይ ሱቁን ከፈተ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ደነባ ነው። ከደብረ ብርሃን በስተምዕራብ፣ ሲያደብርና ዋዩ ወረዳ፣ ጥቁር አፈር ላይ፤ ስንዴና ምስር አገር ነው። በልጅነቴ ፒዛ የሚባል ቃል አልሰማሁም። የምንበላው ቂጣ በአዋዜ፣ በዓል ሲሆን ድፎ ዳቦ ነበር። ፒዛን ያወቅሁት ለሥራ ደብረ ብርሃን ከገባሁ በኋላ ነው። ከተማው ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የወጣት ከተማ ሆኗል፤ ወጣት ካለ ደግሞ ፒዛ አለ።

አልፎ አልፎ የምገባበት ቤት ስሙ ይቅርና፣ አምስት ስድስት ጠረጴዛ ያለው፣ ግድግዳው ላይ የእንግሊዝ ኳስ የሚታይበት ቴሌቪዥን የተሰቀለበት፣ ከባንኮኒው በላይ «የተከፈለ ሒሳብ አይመለስም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ቤት ነው። ተማሪዎች ለሦስት አንድ መካከለኛ ያዝዛሉ። ፒዛ ስምንት ቦታ ይቆረጣል። ሁለት ሁለት ይበሉና ሁለቱ ቁራሽ መሐል ላይ ይቀራል። የእፍረት ነው፤ ማንም አይነካውም። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ ደግሞ የፒዛ ዕድሜ አጭር ነው፤ በይሉኝታ አሥር ደቂቃ ስትተያዩበት ቺዙ እንደ ሻማ ይረጋል። ሚጥሚጣና ካቻፕ የሚመጣው ሳይጠየቅ ነው። ካቻፕን ፒዛ ላይ ማፍሰስ ጣሊያኖችን ያስቆጣል አሉ። ይቆጡ፤ የከፈልነው እኛ ነን።

አክስቴን ወደዚህ ቤት የወሰድኳት ለዓይኗ ሕክምና ከደነባ በመጣች ጊዜ ነው። እቴቴ እላታለሁ፤ ያሳደገችኝ እሷ ነች። ቀኑ ረቡዕ ነበርና ጾም ነው። እንኳን ፒዛ፣ ቤቱ ራሱ አስጨንቋት ነጠላዋን ሰብስባ ጥግ ላይ ተቀመጠች። አስተናጋጇ ሃያ ዓመት የሞላት የማትመስል፣ ፈጣንና ሳቂታ ልጅ ነበረች።

«የጾም አለ፣ እማማ። አትክልት ብቻ ነው፤ ቺዝ የለውም።»

«ቢላችሁስ? የፍስኩን የሚቆርጠው ቢላ አይደለም?»

«ለየብቻ ነው፣ እማማ። የእመቤቴን!»

እቴቴ ራሷን ነቀነቀች። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ አይቼ አላውቅም፤ ልጅቱ ግን መልሱ ከአፏ ላይ ነበር። እናት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው ማለት ነው።

የጾም ፒዛ አንድ ጠባይ አለው፤ ምንም አይደብቅም። ቺዝ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል፤ ቀልጦ ፊቱን ሲያወዛው ከሥሩ ያለው ሊጥ በሰለ አልበሰለ ማን ያየዋል? የጾሙ ግን ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ ድንቹ ሁሉ ውሃ ይጥልበታል፤ እሳቱ ከታች ካልመጣ መሐሉ ይቦካል። የእኛ ሲመጣ ዳርዳሩ ደርቆ መሐሉ የላላ ነበር። እቴቴ አማተበች። አልቆረሰችም። በሁለት ጣቷ አንዱን ቁራሽ ከጫፉ ብድግ አድርጋ ጀርባውን አየችው፤ ነጭ ነበር። በጥፍሯ ጫን ስትለው ጥፍሯ ላይ ቀረ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይማ እናቴ። ይኼ እኮ ሊጥ ነው።»

«ፒዛ እንደሱ ነው፣ እማማ፤ ለስላሳ ነው።»

«ስሙን ላላውቀው እችላለሁ፤ ስንዴን ግን አውቀዋለሁ። መልሺው፣ ይብሰል።»

በአጠገባችን ያሉት ጠረጴዛዎች ጸጥ አሉ። ልጅቱ ሳህኑን አላነሳችም። ወደ ባንኮኒው ዞር ብላ አየችና ጎንበስ ብላ፣ ለእኔ እንጂ ለእቴቴ እንዳይሰማ አድርጋ፣ «ከተመለሰ ከእኔ ነው የሚቆረጠው» አለችኝ።

እቴቴ ሰማች። ዓይኗ ነው እንጂ የታመመው ጆሮዋ አልነበረም። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «የየት አገር ልጅ ነሽ?» አለቻት። በእነዋሪ በኩል መሆኗን ነገረቻት፤ አባቷ በሕይወት እንደሌለ፣ ታናሽ ወንድሟን የምታስተምረው እሷ እንደሆነች በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመረችላት። እኔ ወራት ሙሉ ተመላልሼ ስሟን እንኳ አላወቅሁም ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እስካሁን አልረሳውም። እቴቴ ሳህኑን ራሷ ይዛ ተነሳች። ልጅቱ ልትቀበላት ብትል እምቢ አለች። ባንኮኒው ጋ ስትደርስ ባለቤቱ፣ ጎረምሳ ቢጤ ነው፣ ከወንበሩ ተነሳላት።

«ኧረ እማማ፣ ይቀመጡ! ምን ጎደለ?»

«የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ልጅቱ ጥሩ አድርጋ ነው ያቀረበችው። ሊጡ አልበሰለም። እሳትህ ከላይ ብቻ ነው፤ ዳቦ ከታችም ይፈልጋል። አትጣለው፤ እህል ነው። መልሰህ ክተተው።»

ስለ ቆረጣው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ብትናገር ኖሮ የነገረቻት ማን እንደሆነች ወዲያው ይታወቅ ነበር። ይህን ብልሃት እኔ ያስተዋልኩት ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው።

ጋጋሪው ዱቄት የነካው እጁን እየጠረገ ወጣ። መብራት ረፋዱ ላይ ሄዶ መምጣቱን፣ ምድጃው ሳይግል ምሳ ሰዓት እንደ ደረሰ፣ ሰው በዝቶ በሩን በየደቂቃው ሲከፍት ሙቀቱ እንዳለቀበት ተናገረ። ሰበብ አልነበረም፤ ትክክለኛ ምክንያት ነው። ናፖሊዎች የሚጋግሩት በእንጨት እሳት፣ ወደ 480 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ወለል ላይ ነው፤ ፒዛው 60 እስከ 90 ሴኮንድ ብቻ ይቆያል። የኤሌክትሪክ ምድጃ የዚያን ግማሽ ቢያገኝ ነው፤ ካልታገሡት ፊቱን አድርቆ ጀርባውን ጥሬ ይተወዋል። እቴቴ ዲግሪውን አታውቅም፤ ድፎ የምትደፋው ግን ከሥር አንድዳ፣ ክዳኑ ላይ ፍም ደርድራ ነው።

ምክንያቱ በቂ ነበር፤ ግን እስቲ አስቡት። በዚያ ቀን ምሳ ሰዓት በዚያ ቤት የበላ ሁሉ የበላው ሊጥ ነበር። ጋጋሪው ያውቃል፣ ባለቤቱ ያውቃል፣ ልጅቱ ታውቃለች፣ በላተኛውም ያውቃል። የተናገረ የለም። እቴቴ ከባንኮኒው ስትመለስ ዞር ብዬ ባይ፣ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች የፒዛቸውን ጫፍ አንሥተው ጀርባውን እያዩ ነበር። አንደኛው ሳህኑን ይዞ ተነሳ።

የእኛ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጀርባው ጠየም ብሎ፣ ሲነኩት ኮሽ እያለ መጣ። እቴቴ ሁለት ቁራሽ በላች። «ቂጣ ነው፤ ግን ደህና ቂጣ ነው» አለች። ስንወጣ ከመቀነቷ ፈትታ ልጅቱ እጅ ላይ የጨበጠችውን አላየሁም።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ፤ ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለምና። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድ መብቱ ነው ብሎ ጽፏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ በአንቀጽ 59፣ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በስተቀር አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ እንደማይችል፣ ቢቆርጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ ደንግጓል። ሁለቱም ጥሩ ሕጎች ናቸው። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጧቸው ግን የሚሆነው ይህ ነው፦ እኔ በመብቴ ስጠቀም የሚከፍለው ባለቤቱ ሳይሆን አስተናጋጇ ናት። ከሰበረችው ብርጭቆ ጋር ተደምሮ፣ ሳይከፍል ከሮጠው ደንበኛ ሒሳብ ጋር ተደምሮ፣ ከወር ደመወዟ ይወጣል። የትኛው ደንብ፣ የትኛው የጽሑፍ ስምምነት? ጠይቃ የምታውቅ አስተናጋጅ አላጋጠመኝም። ብዙ ሰው ዝም የሚለው በይሉኝታ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግማሹ ዝም የሚለው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ሊጥ ግን ይገባል።

ዝምታው ለልጅቱም አይጠቅማትም እኮ። ምድጃው ሳይግል የሚወጣው ፒዛ ነገም ይወጣል፤ ከነገ ወዲያ አንድ ቁጡ ሰው ይገባና ሳህኑን ፊቷ ላይ ይገፋዋል። ያ ሰው እንደ እቴቴ ራሱ ተሸክሞ ባንኮኒው ጋ አይሄድም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ቤቱ ስሄድ ሌላ ልጅ ቆማ አገኘሁ። የቀድሞዋን ብጠይቃት «ለቀቀች» አለችኝ። ለምን? ትከሻዋን ሰበቀች። ምናልባት የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ይሆናል፤ ምናልባት ወንድሟ ጋ ሄዳ ይሆናል። ባለቤቱን ለመጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ ሆኖም የምጠይቀው የማንን ጉዳይ ይዤ ነው? ስሟን አላውቅም። ፒዛው ግን ደህና በስሎ ነበር፤ ጀርባውን አይቼዋለሁ። ወረቀቱ እንደ ተለጠፈ ነው።

በገና ደነባ ወርጄ ነበር። እቴቴ ዓይኗ ድኖላታል። ድፎውን እየቆረሰች ጎረቤቶቿን ስለ ፒዛ ስታስቅ አመሸች፤ «ለቂጣ ይህን ያህል ብር!» እያለች። ሰው ሲሄድ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። እሳቱን ቆሰቆሰችና፣

«ያቺ የእነዋሪ ልጅ፣ ደመወዟን ሞልተው ሰጧት?» አለችኝ።