በማን ስም?

በልጅነታችን ድቁና ስንማር ባሕረ ሐሳብን በቃላችን አጥንተናል፤ የዓመቱን አበቅቴና መጥቅዕ አውጥተን ጾመ ነነዌ በየትኛው ዕለት እንደምትውል እንናገር ነበር። በኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብተን የሒሳብ መምህር ሆንን፤ ከሃያ ዓመት በላይም ክፍልፋይንና መቶኛን አስተማርን። ይሁን እንጂ በገዛ ቤታችን ጓዳ የሚሠራውን ሒሳብ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ጠይቀን አናውቅም ነበር። አንባብያን ሆይ፣ ይህንን በአደባባይ የምንጽፈው ነገሩ በእኛ ቤት ብቻ ያለ ስላልመሰለን ነው።

ባለቤታችን እንጀራ እየጋገረች ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለጎረቤት ታስረክባለች። ቅቤና ዕንቁላል የሚሸጡት በዐቢይ ጾም ገበያቸው ሲቀዘቅዝ የእርሷ አይቀዘቅዝም፤ እንጀራ በጾምም በፍስክም ይበላልና። አንድ ምሽት ደብተር ይዛ መጥታ፣ «ለሰው ልጅ ሒሳብ ታስተምራለህ፤ እኔ ከዚህ ሥራ የማገኘውን ደግሞ እስቲ ቁጭ ብለህ አስላልኝ» አለችን። እኛም ደስ ብሎን የሳምንቱን ሽያጭ ከላይ ጻፍን፤ ከሥሩም የጤፉን፣ የወፍጮውን፣ የመብራቱን፣ መብራት ሲጠፋ የሚነደውን የእንጨቱንና የባጃጁን ወጪ ዘረዘርን። ተቀናንሶ 840 ብር ተረፈ። «ተመስገን፣ ትርፍ አለው» ብለን ደብተሩን ልንዘጋ ስንል፣ የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃችን ከጎናችን ተቀምጣ ኖሮ፣ «አባባ፣ የእማዬ ደመወዝ የቱ ጋ ተጻፈ?» ብላ ጠየቀችን።

የሚመለስ ቃል አጣን። እንደ ገና እርሳስ አንሥተን ሊጥ የሚቦካበትን፣ አብሲት የሚጣልበትን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ምጣድ ላይ የሚቆምበትን፣ ዕቃ የሚታጠብበትን ጊዜ ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቅናት። በሳምንት 42 ሰዓት ሆነ። 840 ብር ለ42 ሰዓት ሲካፈል 20 ብር ነው። በዚያው ሳምንት አጥራችንን ለጠገነልን የቀን ሠራተኛ ለ8 ሰዓት ሥራ 320 ብር፣ ማለት በሰዓት 40 ብር፣ ያውም ምሳውን አብልተን ከፍለን ነበር። እኛና ልጆቻችን ከዚያው ሊጥ የምንበላው እንጀራ ደግሞ በየትኛውም ዐምድ አልተጻፈም።

እናታችን ትዝ አሉን። ጌሾ ወቅጠው፣ ብቅል አብቅለው፣ አሻሮ ቆልተው ጠላ ይሸጡ ነበር፤ የትምህርት ቤት ደብተራችን የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። አባታችን ማታ ማታ ሽያጩን ተቀብለው በሣጥናቸው ይቆልፉበታል። ክፉ ሰው ስለ ሆኑ አይደለም፤ የዘመኑ ሥርዓት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። ይህ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት በጋብቻቸው ውስጥ እኩል መብት አላቸው፣ የጋራ ሀብታቸውንም አብረው ያስተዳድራሉ።

ነገር ግን አዲሱ ሕግ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ቀን አልደረሰም። የፌዴራሉ ሕግ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. አወጣ፤ ሌሎች ዘግይተው ተከተሉ። ሜሪ ሆልዋርድ ድራይሚየርና ኡስማን ጋጂጎ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ሕጉ ቀድሞ የገባበትን አገር ካልገባበት ጋር አስተያይተው ነበር። ያገኙትም፣ ቀድሞ በገባበት አገር ከቤት ውጭ የሚሠሩ፣ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ያላቸውና የተሻለ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ የተሰማሩ ሴቶች ይበልጥ መጨመራቸውን ነው። ሴቶቹ በየትም ያው ታታሪዎች ናቸው፤ የተለየው ወረቀቱ ነው።

የመሬቱም ነገር እንዲሁ ነው። በ1990 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው የይዞታ ደብተር በቤተ ሰቡ ኃላፊ ስም ሲጻፍ፣ ኃላፊውም ባል ያለ እንደ ሆነ ባል ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአማራ ክልል የተሰጠው ግን የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ያለበት ነው። በቢቸና ገጠር የምትኖር እኅታችን ባሏ ሲሞትባት የባሏ ወንድሞች መሬቱን ሊይዙ መጡ። እርሷም ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ፎቶግራፏ ያለበትን ደብተር አሳየቻቸው። ዛሬ መሬቱን በእኩል አሳርሳ፣ ከምርቱ በሸጠችው ገንዘብ በርበሬና ሽንኩርት ትነግዳለች። የዶርዜን ሸማኔ ያየ ሰው ደግሞ ይህን ልብ ይበል፤ ድሩን የሚሸምነው ባል ሲሆን ጥጡን የምትፈትለው ሚስት ናት፤ ሸማው ግን ሸማኔው ሠራው ተብሎ ይጠራል።

ይህን ሁሉ ለሰው እናስተምራለን፤ የራሳችን ጉድ የወጣው ባለቤታችን ሁለተኛ ምጣድ ልትገዛ ብድር ፍለጋ በሄደች ጊዜ ነው። አበዳሪዎቹ፣ «የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው? የንግድ ፈቃዱስ?» አሏት። ካርታውም በእኛ ስም ነው፤ ፈቃዱንም ስናወጣ፣ ለመመላለስ እኛ እንቀላለን ብለን፣ አንዲት ቀን ሊጥ ሳናቦካ በስማችን አስጽፈነዋል። ባዶ እጇን ተመለሰች። «እንግዲያው እኛ እንፈርምልሻለን» አልናት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ፊርማህንማ አትነሣኝም፤ ግን ሁልጊዜ እየለመንሁ ልኖር ነው? የሠራሁት በስሜ ይሁንልኝ» አለች።

እውነቱን ለመናገር ከፋን። ሰው ምን ይለናል አልን፤ መምህሩ ሚስቱን ፈርቶ ስሙን አስፋቀ የሚባል መሰለን። ሁለት ሳምንት ያህል ምክንያት እየፈለግን አዘገየነው፤ አንድ ጊዜ ፈተና አለ አልን፣ አንድ ጊዜ ማኅበር አለብን አልን። በመጨረሻ ልጃችን ያን ደብተር ከፍታ፣ ከወጪዎቹ ሥር «የእማዬ ደመወዝ» ብላ ጽፋ፣ ቦታውን ባዶ ትታ በጠረጴዛችን ላይ አስቀምጣው አገኘን።

በማግሥቱ አብረን ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድን፤ የእኛን ፈቃድ መልሰን በእርሷ ስም አዲስ እንዲወጣ አመለከትን። ጸሐፊው የመታወቂያዋን ወረቀት ተመልክቶ፣ «የቤት እመቤት ይላል፤ ሥራዎ ምንድን ነው?» አላት። «እንጀራ ነጋዴ» አለች። ቅጹን ሲሰጣት እኛ እንደ ልማዳችን ብዕር አውጥተን እጃችንን ዘረጋን። ብዕሩን ከእጃችን ወሰደችው። ከ7ኛ ክፍል ያቋረጠችው እኛን ስታገባ ነውና እጇ ፈጥኖ አይጽፍም፤ ፊደሉን አንድ አንድ እያለች ስትጽፍ ከኋላችን የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። እኛም ዘወር ብለን፣ ጥቂት እንዲታገሡ ለመንናቸው።