ቁልፉ እጅ ሲገባ

መቼስ ነቀምት ላይ ቡና ከበን ተቀምጠን ፖለቲካ ሳናነሣ አንነሣም። ሰሞኑን የያዝነው ክርክር ተቃዋሚ ፓርቲ ስለ ሬዲዮ፣ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ስልክ መስመር ምን ዓይነት አቋም ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። ብዙዎቹ «የአየር ሰዓት ይሰጠን» ይላሉ። እውነት አላቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል። በ1997 ምርጫ ቴሌቪዥኑ ለክርክር ሲከፈት ሕዝቡ ምን ያህል ተጠምቶ እንደነበር አይተናል ይላሉ ታላላቆቻችን። ከምርጫው በኋላ ግን ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ የስልክ አጭር መልእክትም እስከ 2000 መባቻ ተዘጋ።

የኛ ጥያቄ ከዚህ ያልፋል። የዛሬው ጠያቂ ነገ ቁልፉን ሲይዝስ?

በ1968 ኢሕአፓና መኢሶን በአዲስ ዘመን «አብዮታዊ መድረክ» ዓምድ ይሟገቱ ነበር። አንዱ ዴሞክራሲ ያለ ገደብ አለ፤ ሌላው ለጭቁኑ እንጂ ለጸረ አብዮተኛው አይሆንም አለ። በ1969 ኢሕአፓ ሲታደን መድረኩ ለመኢሶን የቀረ መሰለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ግን እሱም ኅቡዕ ገባ። ለባላንጣ የተሠራ ልጓም ባለቤቱንም ይለካዋል።

ለኛ ነገሩ የታሪክ ትምህርት ብቻ አይደለም። ከታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በኛ በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ጠፍቶ ስልክ በትልልቅ ከተሞች ብቻ ቀረ። የተመለሰው መጋቢት 22 ነው፤ ኮሮና አገር ከገባ በኋላ መሆኑ ነው። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ቤተሰብ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ያለን ልጆች የእናታችንን ደኅንነት የምንጠይቀው ከአውቶቡስ የወረደውን ሰው ነበር። በ2011 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢንተርኔት እንደ ውሃና እንደ አየር አይደለም ማለታቸው ይታወሳል። ምጥ ይዟት አምቡላንስ የምትጠራ ሴት ግን ስልኳን ከውሃ አትለየውም።

ስለዚህ የተቃዋሚን ፕሮግራም ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የሬዲዮኑን ኃላፊ ማን ይሾመዋል? ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መስመር የሚያስቆርጥ ባለሥልጣን ይኖራል? የሚጠላው ሰው ማይክራፎን ያገኛል? ለነዚህ መልስ የሌለው ፓርቲ የሚጠብቀው ተራውን ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን። ባንስማማበትም እናትመዋለን።